ውሃን ወደ ሃይድሮጅን ለመክፈል የትኛው ቅይጥ ካታሊስት ይሻላል? የካቶድና የአኖድ ንጽጽር

ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ሃይድሮጅኑ በካቶድ፣ ኦክስጅኑ በአኖድ በኩል ይወጣል፤ ካታሊስት ደግሞ ራሱ ሳያልቅ ይህን ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። ካታሊስት ለመምረጥ የተነሳ ሰው ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው፦ በ10 ሚሊአምፔር በስኩዌር ሴንቲሜትር ስንት ሚሊቮልት ትርፍ ቮልቴጅ (ማለትም ለመክፈል በግድ ከሚያስፈልገው በላይ የሚጨመር ቮልቴጅ) ይፈልጋል? ይህ መለኪያ የመጣው የፀሐይ ብርሃንን በቀጥታ ወደ ነዳጅ ለመለወጥ ከሚሠሩ መሣሪያዎች ነው፤ 10 በመቶ ገደማ ብቃት ያለው እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በሙሉ ፀሐይ የሚያወጣው ከረንት ያን ያህል ነው። የአልካሊ ኤሌክትሮላይዘር (ውሃን በኤሌክትሪክ የሚከፍል መሣሪያ) ግን በተለምዶ ከ200 እስከ 400 ሚሊአምፔር በስኩዌር ሴንቲሜትር ይሠራል፣ አዳዲሶቹ ከዚያም ያልፋሉ። ባለ ፕሮቶን ሜምብሬኑ (ፕሮቶን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው ዓይነት) ደግሞ 1 አምፔርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በትንሽ ከረንት አንደኛ የወጣ ካታሊስት በትልቁ ከረንት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገሮች ይወሰኑ። አንደኛ፣ ፈሳሹ አሲድ ነው ወይስ አልካሊ? ሁለተኛ፣ መሣሪያው በምን ያህል ከረንት ነው የሚሠራው? ሦስተኛ፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ የሚመጣ ነው ወይስ እንደ ፀሐይና ነፋስ የሚበራና የሚጠፋ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጥሩ ካቶድን ያለ ዕድሜው የሚገድለው ግን እሱ ነው።

ሒሳቡ

1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማውጣት 26,600 አምፔር ሰዓት ገደማ ማለፍ አለበት። ይህን የትኛውም ካታሊስት አይቀንሰውም። ካታሊስት የሚቀንሰው ያ ሁሉ ቻርጅ የሚያልፍበትን ቮልቴጅ ነው። በ1.48 ቮልት ሒሳቡ 39.4 ኪሎዋት ሰዓት በኪሎ ግራም ሲሆን በ2 ቮልት 53.2 ይሆናል። እያንዳንዱ 100 ሚሊቮልት 2.66 ኪሎዋት ሰዓት በኪሎ ግራም ያስከፍላል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዞ የሚመርጥ ሰው ካታሊስቱ ድካሙንና ወጪውን ይመልስ እንደሆነ ራሱ ማስላት ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው የታፌል ቁልቁለት ነው፤ ይኸውም ከረንቱ 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር ትርፍ ቮልቴጁ ስንት ሚሊቮልት እንደሚጨምር የሚነግረን ቁጥር ነው። ሁለት ካቶዶችን እናስብ። የመጀመሪያው በ10 ሚሊአምፔር 60 ሚሊቮልት ይፈልጋል፣ ቁልቁለቱ 120 ነው። ሁለተኛው በዚያው ከረንት 90 ሚሊቮልት ይፈልጋል፣ ቁልቁለቱ ግን 40 ነው። ከረንቱን ወደ 500 ሚሊአምፔር ስናሳድገው የመጀመሪያው 264፣ ሁለተኛው 158 ሚሊቮልት ላይ ይደርሳል። በትንሹ ከረንት የተሸነፈው በትልቁ ከ100 ሚሊቮልት በላይ ቀድሟል። ቁልቁለቱን ያልገለጸ የካታሊስት መረጃ ለዚህ ሥራ ግማሽ መረጃ ነው።

ካታሊስቱ ላይ ከመድከም በፊት ሌላው ኪሳራ የት እንዳለም ይታይ። 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የዚርኮኒያና ፖሊሰልፎን ዲያፍራም (ሁለቱን ጋዞች የሚለይ ሽፋን) 0.3 ኦም ስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ተቃውሞ አለው፤ በ400 ሚሊአምፔር ይህ ብቻ 120 ሚሊቮልት ይበላል። ኤሌክትሮዱ ከዲያፍራሙ 2 ሚሊሜትር ቢርቅ በ30 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና በ80 ዲግሪ ሴልሲየስ 60 ሚሊቮልት ያህል ይጨምራል፣ በመካከል የሚጠራቀመው የጋዝ አረፋ ደግሞ ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። የኤሌክትሮዶቹ ክፍተት ሰፊ ሆኖ ሳለ 30 ሚሊቮልት የሚያድን ውድ ካታሊስት መግዛት ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን ዲያፍራሙ ላይ ማስጠጋት ይሻላል።

የአልካሊ ካቶድ፦ ኒኬል-ሞሊብዲነም ወይስ ራኔ ኒኬል?

መነሻው ያልተለበጠ የኒኬል ወንፊት ነው። ርካሽ ነው፣ በአልካሊ አይበላም፣ ነገር ግን ቁልቁለቱ 120 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ከዚህም በላይ ለረጅም ጊዜ ከረንት ሲያልፍበት ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ እየገባ የገጹን ጠባይ ይለውጠዋል፤ በየሰዓቱ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይወጣል። ፈሳሹ ውስጥ በጣም ትንሽ ቫናዲየም ኦክሳይድ ማሟሟት ወይም ከረንቱን አልፎ አልፎ ማቋረጥ ይህን ያስታግሰዋል። ለትምህርት ቤተ ሙከራ ያልተለበጠ ኒኬል ይበቃል፤ ለምርት ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ኒኬል-ሞሊብዲነም በአልካሊ ውስጥ ከውድ ብረታ ብረት ውጭ ካሉት ካቶዶች እጅግ ፈጣኑ ነው ቢባል አያሳስትም። በአልካሊ ውስጥ ሃይድሮጅኑ መጀመሪያ ከውሃ ሞለኪውል መነጠቅ አለበት፤ ፕላቲነም ራሱ በአልካሊ ከአሲድ ይልቅ በ100 እጥፍ ገደማ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። በቅይጡ ውስጥ ሞሊብዲነሙ ውሃውን ለመክፈል ሲያግዝ ኒኬሉ የተነጠቁትን አቶሞች አጣምሮ በጋዝ መልክ ይለቃቸዋል። በ2017 የታተመ አንድ ሥራ በሞሊብዲነም ኦክሳይድ ላይ የተሠራ የአራት ኒኬልና የአንድ ሞሊብዲነም ቅይጥ በ1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ10 ሚሊአምፔር 15 ሚሊቮልት ብቻ እንደፈለገና ቁልቁለቱም 30 እንደነበረ አሳይቷል። ይህ ከፕላቲነም ጋር የሚተካከል ውጤት ነው።

ሌላው ጥሩ ነገሩ በተራ የመለበጫ ገንዳ መሠራቱ ነው። ሞሊብዲነም ብቻውን ከውሃ ፈሳሽ ውስጥ ተለብጦ አይወጣም፤ ኒኬል ሲኖር ግን አብሮት ይወጣል። ለ1 ሊትር ፈሳሽ የሚሠራ መጠን ይኸውና፦ 79 ግራም ኒኬል ሰልፌት (ባለ ስድስት ውሃ)፣ 48 ግራም ሶዲየም ሞሊብዴት (ባለ ሁለት ውሃ)፣ 88 ግራም ሶዲየም ሲትሬት (ባለ ሁለት ውሃ)። ፒኤቹ በአሞኒያ ወደ 10.5 ይደረሳል፤ ከረንቱ 160 ሚሊአምፔር በስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሲትሬቱ መጀመሪያ መሟሟት አለበት፤ ኒኬሉን ይዞ በአልካሊ ውስጥ እንዳይዘቅጥ የሚያደርገው እሱ ነውና። ወንፊቱ በአሴቶን ቅባቱ ይጸዳል፣ በ3 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ በተጣራ ውሃ ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ገንዳው ይገባል።

ከስቴንለስ ስቲል ላይ የሚለበጥ ከሆነ አንድ እርምጃ ይጨመራል። ስቴንለስ ገጹን የሚሸፍነው የክሮሚየም ኦክሳይድ ልባጡን አያስይዝም፤ ስለዚህ በቅድሚያ 240 ግራም ኒኬል ክሎራይድና 125 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ1 ሊትር ባለው ፈሳሽ ውስጥ፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቀጭን የኒኬል ንጣፍ ይደረግለታል። ይህን የዘለለ ሰው ልባጡ ከመጀመሪያው ቀን አረፋ ጋር እየተላጠ ሲወርድ ያያል።

ገንዳው ራሱም ያስቸግራል። አሞኒያው ይተናል፤ ፒኤቹ ሲወርድ የልባጡ ቅይጥ መጠንም ይለወጣል፣ ስለዚህ በሥራው መካከል እየለኩ መጨመር ያስፈልጋል። ከከረንቱ ብዙው ክፍል ኒኬል ከማስቀመጥ ይልቅ ሃይድሮጅን በማውጣት ያልቃል፤ ፈሳሹ ካልተማሰለ አረፋው ገጹ ላይ ተቀምጦ ጉድጓድ ይተዋል። ጥቁርና በጣት ሲነኩት የሚራገፍ ልባጥ ከረንቱ እንደበዛ ወይም ማማሰሉ እንዳነሰ ይናገራል። ወፍራም ልባጥ ደግሞ በውስጣዊ ውጥረት ይሰነጠቃል፤ ከወፍራም አንድ ንጣፍ ይልቅ ቀጭኑ ይቆያል።

ዋናው ድክመቱ ግን ሞሊብዲነሙ ነው። ካቶዱ ከረንት ላይ እስካለ ድረስ ይጠበቃል፤ ከረንቱ ሲቋረጥ ግን በአልካሊው ውስጥ ወደ ሞሊብዴት ተለውጦ ይሟሟል። ሞሊብዴት ቀለም የለውምና ፈሳሹን በማየት ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ የኒኬል-ሞሊብዲነም ካቶድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ቮልቴጁ አስቀድሞ መገናኘት አለበት፤ በባዶ ተነክሮ የሚያድር ካቶድ ጠዋት ያው ካቶድ አይደለም።

ራኔ ኒኬል ሌላ መንገድ ይከተላል፦ የኒኬሉን ጠባይ ከመለወጥ ይልቅ ገጹን ያበዛዋል። መሬይ ራኔ (Murray Raney) የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1920ዎቹ የፈጠራ መብት ያወጣበት ዘዴ ነው። ኒኬልና አሉሚኒየም፣ በተለምዶ እኩል በክብደት፣ ይቀየጡና ቅይጡ በሙቀት ርጭት ወይም በመዳመጥ (በሮለር በመጫን) ወንፊት ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም አሉሚኒየሙ በሙቅ አልካሊ ታጥቦ ሲወጣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ኒኬል ይቀራል። ሁሉም ቅይጥ እኩል አይታጠብም። አንድ ኒኬል ለሦስት አሉሚኒየም የሆነውና ሁለት ኒኬል ለሦስት አሉሚኒየም የሆነው ይታጠባሉ፤ አንድ ለአንድ የሆነው ግን አልካሊውን ይቋቋማል። በርጭቱ ጊዜ ሙቀቱ ከበዛ አሉሚኒየሙ ይቀንስና ይህ የማይታጠበው ዓይነት ይበዛል፤ የሚገኘውም ካቶድ ከተራ ኒኬል ብዙም አይሻልም።

የማጠቢያው ፈሳሽ 30 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በ80 ዲግሪ ነው፣ ለ24 ሰዓት ያህል። 10 በመቶ ፖታሲየም ሶዲየም ታርትሬት ቢጨመርበት የሟሟው አሉሚኒየም ተመልሶ ዘቅጦ ቀዳዳዎቹን አይደፍንም። በመጀመሪያው ሰዓት የሚወጣው ሃይድሮጅን ብዙ ነው፤ ዕቃው ክፍት፣ አየሩ የሚንሸራሸር፣ እሳት የሌለበት መሆን አለበት። የታጠበው ካቶድ ከደረቀ በአየር ውስጥ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከእጥበቱ ጀምሮ እስከ መግጠም ድረስ እርጥብ ሆኖ ይያዝ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው፣ ኃይሉ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥና ካቶዱን በየጊዜው እንደገና መለበጥ የሚቻል ከሆነ ኒኬል-ሞሊብዲነም ይመረጣል። ኃይሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ወይም መሣሪያው ለዓመታት ሳይከፈት መሥራት ካለበት ራኔ ኒኬል ይሻላል፤ እንደ ሞሊብዲነሙ ከረንቱ ሲቋረጥ የሚሟሟ አጋዥ የለውምና። ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድም አለ፦ ኒኬል-አሉሚኒየም-ሞሊብዲነም በፕላዝማ ረጭቶ ማጠብ። የገጽ ብዛትንና የሞሊብዲነምን እገዛ አንድ ላይ ያገኛል፤ የመርጫ መሣሪያው ግን የሁሉም ሰው አቅም አይደለም።

ኒኬል-ቆርቆሮ፣ ኒኬል-ኮባልት፣ ኒኬል-ፎስፎረስ የሚባሉትም አሉ። በፍጥነት ከኒኬል-ሞሊብዲነም ያንሳሉ፣ ለመለበጥ ግን ይቀላሉ። አምስትና ከዚያ በላይ ብረታ ብረት በተቀራራቢ መጠን የሚቀየጡበት አዲሱ ምድብ ለምርምር ድንቅ ነው፤ ለግዢ ግን ጊዜው ገና ነው። ገንዘብ ከተገኘ በኒኬል ወንፊት ላይ የተቀባ ሩቴኒየም ኦክሳይድ በፈሳሹ ውስጥ ያለ የብረት (አይረን) ቆሻሻን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል፤ በክሎሪን ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን የተፈተነውም ለዚህ ነው።

መብራትና መጥፋት

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ሊነበብ ይገባዋል፤ ካቶዶች በብዛት የሚበላሹት እየሠሩ ሳይሆን ቆመው ነው። ብዙ ሴሎች በተከታታይ በተደረደሩበት መሣሪያ ውስጥ ፈሳሹ በጋራ ቧንቧ ሁሉንም ያገናኛቸዋል። ኃይሉ ሲቋረጥ አኖዱ ላይ የተጠራቀመው የኒኬል ኦክሲሃይድሮክሳይድ እንደ ባትሪ መልቀቅ ይጀምራል፤ ከረንቱ በቧንቧው ፈሳሽ በኩል ወደ ኋላ ይዞራል፤ ካቶዱም ለጥቂት ጊዜ አኖድ ይሆናል። ኒኬሉ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል፣ ሞሊብዲነሙ ይሟሟል፣ ባለ ቀዳዳው ንጣፍ ደግሞ ሲነፋና ሲኮማተር ከወንፊቱ ይላላል። በቀን አንድ ጊዜ የሚጠፋ መሣሪያ በዓመት 365 ጊዜ ይህን ያሳልፋል።

መከላከያው ቀላሉ፣ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አለማጥፋት ነው፦ ካቶዱን ካቶድ አድርጎ የሚያቆይ ትንሽ ከረንት ከባትሪ መስጠት። ይህ ሲደረግ ጋዙ መውጣቱን ስለማያቆም አየር ማስወጫው ክፍት መሆን አለበት። በትንሽ ከረንት የሚወጣው ኦክስጅን ጥቂት ስለሆነ በዲያፍራሙ የሾለከው ሃይድሮጅን ድርሻው ይጨምራል፤ በኦክስጅን ውስጥ 4 በመቶ ገደማ የፍንዳታ መነሻ ነው፣ መሣሪያዎች በተለምዶ 2 በመቶ ላይ እንዲጠፉ ይደረጋሉ። ሌላው ዘዴ ረጅምና ቀጭን የፈሳሽ ቧንቧ መሥራት ነው፤ የቧንቧው ተቃውሞ ሲጨምር የኋሊት ከረንቱ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ፈሳሹን አውጥቶ በናይትሮጅን መንፋት ይሻላል።

የአልካሊ አኖድ፦ ኒኬል-ብረት፣ ከዚያም ሌላው

በአኖድ በኩል ምርጫው ይቀላል። ኒኬል-ብረት ያሸንፋል። የተሻለ ነገር ለመፈለግ ከመሄድ በፊት ይህን በአግባቡ መሥራት ይበጃል። ንጹሕ የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ለኦክስጅን ደካማ ካታሊስት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ኒኬሉ ጥሩ ነው ሲባል የኖረው በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያለው ጥቂት የብረት ቆሻሻ ሳይታወቅ ወደ ገጹ እየገባ ስለነበረ ነው። የብረቱ ድርሻ ከ10 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ውጤቱ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲበዛ ብረቱ ለብቻው ኦክሳይድ ሆኖ ይቀመጣል፣ ኤሌክትሪክም በደንብ አያስተላልፍም። በ10 ሚሊአምፔር ከ215 እስከ 350 ሚሊቮልት መካከል ያሉ ውጤቶች የተለመዱ ናቸው፤ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጣው የወንፊቱ ወይም የፎሙ (እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ኒኬል) ቅርጽ ነው።

አሠራሩ ከካቶዱ ይቀላል። 3 ሚሊሞላር ኒኬል ናይትሬትና 3 ሚሊሞላር ብረት ናይትሬት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ የኒኬል ፎሙ ካቶድ ሆኖ በብር-ብር ክሎራይድ መለኪያ 1 ቮልት ከዜሮ በታች ለ300 ሰከንድ ይያዛል። ናይትሬቱ ገጹ ላይ ሲቀነስ ሃይድሮክሳይድ ይፈጥራል፣ ሁለቱም ብረታ ብረት እዚያው አብረው ይዘቅጣሉ። ፈሳሹ አዲስ መሆን አለበት፤ ያደረ የብረት ናይትሬት ፈሳሽ በራሱ ይዘቅጣል፣ ቀለሙ ሲደፈርስ መጣል ነው።

ድክመቱ ብረቱ ቀስ በቀስ መሟሟቱ ነው፣ በተለይ በ80 ዲግሪና በ30 በመቶ አልካሊ። ፈሳሹ ውስጥ ጥቂት የተሟሟ ብረት ካለ ተመልሶ ገጹ ላይ ይቀመጣል፤ አኖዱ ራሱን ያድሳል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያው ብረት ካቶዱ ላይም ይቀመጣል። ያልተለበጠና የደከመ የኒኬል ካቶድ ይህን ያህል አይጎዳም፤ ባለ ጥቃቅን ቀዳዳው ራኔ ኒኬል ግን ቀዳዳዎቹ ይደፈኑበታል። ስለዚህ አኖዱና ካቶዱ ለየብቻ አይመረጡም። ራኔ ካቶድ ያለው ሰው የብረት ቧንቧና የብረት ታንክ ከፈሳሹ ጋር እንዳይነካካ ያድርግ፤ ኒኬል የተለበጠ ወይም አልካሊ የሚችል ፕላስቲክ ይጠቀም።

ስቴንለስ ስቲልን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። 304 እና 316 በየቦታው ይገኛሉ፣ ኒኬልና ብረትም አላቸው፣ ለጥቂት ሰዓት እንደ አኖድ ጥሩ ይሠራሉም። ነገር ግን በውስጣቸው ከ16 እስከ 20 በመቶ ክሮሚየም አለ፤ በአኖዱ ቮልቴጅ ይህ ክሮሚየም ወደ ክሮሜት ይለወጣል። ፈሳሹ ቢጫ ሲሆን የሚታየው ይህ ነው። ክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው፣ ወደ ፍሳሽም አይደፋም። ስቴንለስ ለካቶድ ማገር ይሁን፤ ለአኖድ ኒኬል ይግዙ።

አሲድ ውስጥ፦ ባለ ፕሮቶን ሜምብሬን

ከላይ ስለ ካታሊስቶቹ የተባለው እዚህ አይሠራም። ሜምብሬኑ ጠንካራ አሲድ ነው፤ ኒኬልም ሞሊብዲነምም ብረትም በአኖዱ ቮልቴጅ ይሟሟሉ። የሟሟው አዮን ደግሞ በሜምብሬኑ ውስጥ የፕሮቶኑን ቦታ ይዞ ተቃውሞውን ያሳድጋል፤ ብረት ሲሆን በተጨማሪ ሜምብሬኑን የሚበሉ ራዲካሎች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ሜምብሬኑን የሚያጠጣው ውሃ ከ1 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር በታች እንዲሆን የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ለአኖዱ የቀረው ምርጫ ኢሪዲየምና ሩቴኒየም ናቸው። ሩቴኒየም ኦክሳይድ ፈጣኑ ነው፣ ነገር ግን ይሟሟል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅም በኖ ወደሚጠፋና መርዛማ ወደሆነ ቴትሮክሳይድ ይለወጣል። ኢሪዲየም ኦክሳይድ ይዘገያል፣ ይቆያል። ሁለቱን መቀየጥ በመካከል ያለ ውጤት ይሰጣል፦ ኢሪዲየሙ ሩቴኒየሙን ያጸናዋል፣ ግን አያድነውም። ለምርምር ወይም ለአጭር ሥራ ቅይጡ ደህና ነው፤ ለዓመታት ለሚሠራ መሣሪያ ንጹሕ ኢሪዲየም ኦክሳይድ ይመረጥ።

ችግሩ ኢሪዲየም በዓለም ላይ በዓመት የሚመረተው ከ7 እስከ 8 ቶን ገደማ ብቻ መሆኑ ነው፤ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪካ ይወጣል። የተለመደው መጠን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር ነው። በ1.8 ቮልትና በ2 አምፔር በ2 ሚሊግራም ስናሰላ ለ1 ጊጋዋት መሣሪያ 556 ኪሎ ግራም ኢሪዲየም ያስፈልጋል። ጥሩ አቅራቢ ማለት ኢሪዲየሙን ቀንሶ፣ ለምሳሌ ወደ 0.4 ሚሊግራም አውርዶ፣ ንጣፉ ሳይቆራረጥ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ማድረግ የቻለ ነው። ንጣፉ ሲሳሳ ደሴት ደሴት ይሆናል፤ ከጀርባው ያለው የታይታኒየም ማስተላለፊያ በፕላቲነም ካልተለበጠ ኦክሳይድ ያበቅልና የተረፈውን ግንኙነት ይቆርጠዋል።

ካቶዱ ላይ ካርቦን የያዘው ፕላቲነም ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር በቂ ነው፣ ወደ 0.05 ቢወርድም ብዙ አያጣም። ፕላቲነምን ከኒኬል ወይም ከኮባልት ጋር የቀየጠ ካታሊስት እዚህ ትርጉሙ አይታይም፦ ትርፍ ቮልቴጁ አስቀድሞ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ የሚሟሟው ኒኬል ግን ሜምብሬኑን ይመርዛል። የፕላቲነም-ሩቴኒየም ቅይጥ ቦታው አልካሊ ነው፤ እዚያ ከንጹሕ ፕላቲነም ይበልጣል።

በመካከል ያለው ባለ አኒዮን ሜምብሬን (አሉታዊ አዮን የሚያሳልፍ ሽፋን ያለው) ኤሌክትሮላይዘር ከ0.1 እስከ 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ50 እና በ60 ዲግሪ መካከል ይሠራል። የአልካሊውን ካታሊስቶች በቀጥታ ይቀበላል፦ ኒኬል-ብረት ለአኖድ፣ ኒኬል-ሞሊብዲነም ለካቶድ። ፈሳሹና ሙቀቱ ስለቀለለ ሁለቱም ከባህላዊው መሣሪያ የተሻለ ዕድሜ ያገኛሉ፤ አስቀድሞ የሚደክመው ሜምብሬኑ ነው።

ከመግዛት ወይም ከመሥራት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የካቶድ ፍተሻ ላይ የፕላቲነም ሽቦን ተጓዳኝ ኤሌክትሮድ ማድረግ ውጤቱን ያበላሸዋል። ፕላቲነሙ ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ካቶዱ ላይ ይቀመጣል፤ ካታሊስቱ "በአጠቃቀም እየተሻሻለ" ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ግራፋይት ይጠቀሙ። መስተዋት ዕቃም በአልካሊ እየተበላ ብረት ይለቃል፣ ስለዚህ ዕቃው ቴፍሎን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። የሜርኩሪ-ሜርኩሪ ኦክሳይድ መለኪያ በ1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሲሆን ወደ ሃይድሮጅን ስኬል ለመለወጥ 0.92 ቮልት ገደማ ይደመራል።

የኒኬል አኖድ በሃይድሮጅን ስኬል በ1.35 ቮልት አካባቢ የራሱ የኦክሲዴሽን ጉብታ አለው። ቮልቴጁን ወደ ላይ እየጨመሩ የለኩ ሰዎች ይህን ከረንት ኦክስጅን አድርገው ይቆጥሩታልና ካታሊስቱ ካለው በላይ ጎበዝ ይመስላል። ከላይ ወደ ታች እየወረዱ መለካት ወይም በእያንዳንዱ ከረንት ላይ 10 ደቂቃ ቆሞ ቮልቴጁን ማንበብ ይህን ያስወግዳል። የፈሳሹ ተቃውሞ ተቀንሶ ከቀረበም ምን ያህሉ እንደተቀነሰ ይጠየቅ፤ በ500 ሚሊአምፔር የ1 ኦም ስኩዌር ሴንቲሜትር ስህተት ግማሽ ቮልት ነው።

ፍተሻው በሚሠራበት ሁኔታ ይደረግ። 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በክፍል ሙቀት እና 30 በመቶው በ80 ዲግሪ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው፤ ሁለተኛው 7 ሞላር ያህል ነው፣ የሚያሟሟውም ያንን ያህል ይበዛል። ቢያንስ ለ100 ሰዓት በ400 ሚሊአምፔር ይቆይ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ በርቶ 10 ደቂቃ የሚጠፋ፣ ሲጠፋም ካቶዱና አኖዱ በሽቦ የሚገናኙበት ዙር ይጀመር። የመጀመሪያው 100 ሰዓት ላይ ቀጥ ብሎ የቆየ ቮልቴጅ በመብራትና መጥፋቱ ዙር መውጣት ከጀመረ ካቶዱ ለፀሐይ ኃይል አይሆንም፣ ለቋሚ ኃይል ግን ሊሆን ይችላል። ከፍተሻው በኋላ ካቶዱ ታጥቦ፣ ደርቆ ይመዘን፣ ፈሳሹም ለሞሊብዲነምና ለብረት ይመርመር። ራኔ ኒኬል ከሆነ ግን ለመመዘን ብሎ ማድረቅ አይገባም፤ እርጥቡን እንዳለ የፈሳሹን ምርመራ ብቻ መጠቀም ይበቃል።

አልካሊው ዓይን ከነካ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል፣ የኒኬል ጨዎችም ካንሰር አምጪ ናቸው፤ መነጽርና ጓንት ከመጀመሪያው መመዘን ጀምሮ ይደረጉ። ያገለገለ የመለበጫ ፈሳሽ ኒኬሉ በሃይድሮክሳይድ ዘቅጦ ካልተለየ አይደፋም። ሲትሬትና አሞኒያ ያለበት ፈሳሽ ኒኬሉን ይዞ ስለሚያቆይ በሃይድሮክሳይድ ብቻ አይዘቅጥም፤ ለአደገኛ ኬሚካል ማስወገጃ ይሰጥ።